የ1780 ብር፤ እውነተኛ ወይስ ሐሰተኛ?

(በኅብረታችን የውይይት ማታ የተነገረ)



ዛሬ ማታ ስለ አንድ የብር ገንዘብ እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ርእሱ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁ አንቀየምም። እኛም ከሁለት ወር በፊት ቢነገረን ኖሮ «ይህ የአንጥረኛ ሥራ ነው» ብለን ባለፍነው ነበር። ነገሩ ግን ከመካከላችን በአንዱ ቤት ስለ ገባ ልናልፈው አልተቻለንም።

የአንዱ ጓደኛችን እናት ከአገር ቤት መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡት ዘጠኝ ጠገራ ብር ነበር። ብሩ የአያቱ ነው። አያቲቱ በዓይን ሞራ ምክንያት ሁለቱም ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር፥ ብሩ ተሸጦ ለሕክምናውና ለመንገዱ እንዲሆን ቤተ ዘመድ ተስማምቶ ነው የላካቸው። እናቲቱም ወደ አንድ የብርና የወርቅ ሱቅ ገብተው ቋጠሮውን ፈቱ። ባለ ሱቁ አንዱን አንሥቶ በአጉሊ መነጽር ተመለከተና «እማማ፥ ይህ እኮ ፎርጅድ ነው። እንግሊዞች ለንደን ላይ ያተሙት ነው፤ ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ቢሆንም እስከዚህ ስለ ደከሙ በዚህ ልውሰድልዎ» ብሎ የቆርቆሮ ያህል ዋጋ ነገራቸው። እናቲቱ አልተከራከሩም፤ ብሩን መልሰው ቋጥረው ወደ ልጃቸው መጡ፤ ልጃቸውም ወደ እኛ መጣ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ባለ ሱቁ ዋሽቷል ወይስ እውነት ተናግሯል የሚል ነበር። ብዙ ከደከምን በኋላ የደረስንበት መልስ ሁለቱንም በአንድ ቃል አድርጓል የሚል ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ስለ ብሩ ታሪክ ጥቂት መናገር ግድ ነው። (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

በጠገራው ላይ ምስሏ የሚታየው ሴት የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ ናት። ባሏ በ1765 ስለ ሞተ በራሷ ላይ የመበለት ሻሽ ጥላለች። እርሷ ራሷ የሞተችው በ1780 በኖቬምበር ወር ነው። በብሩ ጀርባ ሁለት ራስ ባለው ንስር ዙሪያ የተጻፈው ዓመትም ያው 1780 ነው። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ጥንታዊ ዕቃ አለኝ» ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን የዚህ ብር ንግድ በቀይ ባሕር ዙሪያ፥ በዐረብ አገርና በእኛም አገር እጅግ ስለ ደራ፥ ነጋዴውም የለመደውን ምስል ካላየ አልቀበልም ስላለ፥ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው ምስልና በዚያው ዓመት መታተሙ አልተቋረጠም። ከምስሏ በታች ኤስ እና ኤፍ የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። እነዚህ ጉንዝቡርግ በተባለችው ከተማ፥ በዛሬይቱ ጀርመን ውስጥ ማለት ነው፥ የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መጀመሪያዎች ናቸው። ሹማምንቱ ሞተው፥ ማተሚያ ቤቱም በ1805 ተዘግቶ፥ ፊደላቱ ግን እስከ ዛሬ አብረው ይታተማሉ። ብሩ በገዛ አገሩ በኦስትሪያ ሕጋዊ ገንዘብነቱ በ1858 ሲቀር፥ በእኛ ዘንድ ግን ገና ብዙ ዘመን ነበረው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። በ1867 እና በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ በመንገድ ለእህልና ለጋማ ከብት የሚከፍለው ገንዘብ ይህ ብር ብቻ መሆኑን ስላወቀ፥ በቪየና ማተሚያ ቤት በሚሊዮን የሚቈጠር አዲስ ጠገራ አሳትሞ መጣ። ያ ብር በታተመበት ጊዜ ማርያ ቴሬዛ ከሞተች 87 ዓመት ሆኗት ነበር። በላዩ የተጻፈው ዓመት ግን ያው 1780 ነው። ታዲያ ያ ብር ሐሰተኛ ነበር ይባላልን? ገብሱን የሸጠው ገበሬ እንደዚህ አላሰበም፤ እኛም ብንሆን በርሱ እንፈርዳለን ለማለት አንደፍርም።

ነገሩ ይበልጥ የተወሳሰበው ግን በ1935 ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ብሩ እንደሚያስፈልጋት ዐወቀች። በዚያው ዓመት ከኦስትሪያ ጋር ተዋውላ ለ25 ዓመት ብሩን የማተም መብት ተቀበለች፤ የማተሚያው ብረትም ወደ ሮማ ተወሰደ። ከዚያ በፊት ከቪየና እየገዙ በቀይ ባሕር ይነግዱ የነበሩ ሌሎች መንግሥታት በዚህ ተቸገሩ። እንግሊዝ በ1936 በለንደን የራሷን ብረት አስቀርጻ ማተም ጀመረች። ፓሪስና ብራስልስም ያትሙ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ በ1940 እና በ1941 በቦምቤይ፥ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በበርሚንግሃም ታትሟል። የኢጣሊያ ውል በ1960 ሲያልቅ ኦስትሪያ ሌሎቹ እንዲተዉ ጠየቀች፤ ቪየናም ዛሬ ድረስ ለሰብሳቢዎች ታትማለች።

አሁን ባለ ሱቁ ወዳለው እንመለስ። የለንደኑ ብር የታተመው ያለ ኦስትሪያ ፈቃድ ነውና፥ ነገሩን በዚህ በኩል ለሚያየው ሰው «ተመሳስሎ የተሠራ ነው» ቢል ስሕተት አይሆንበትም። ነገር ግን የለንደኑም፥ የሮማውም፥ የቦምቤዩም ክብደታቸው አንድ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ንጹሕ ብርም እንደ ቪየናው ከስድስት እጅ አምስቱ ነው። ባለ ሱቁ ስለ አታሚው እውነት ተናግሮ ስለ ብሩ ዋሸ ማለት ነው። «ፎርጅድ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለሚይዝ፥ ሻጭዋ የሰሙት «ውስጡ ብር አይደለም» የሚለውን ነው፤ ዋጋውም በዚያ ልክ ወረደ። ስለዚህ ጠገራ ይዞ «እውነተኛ ነውን?» ብሎ ለሚጠይቀን ሰው እኛ መልሰን የምንጠይቀው «በምኑ?» ብለን ነው። በብርነቱ ከሆነ መለኪያው ሚዛን ነው። በአታሚው ከሆነ የንስሩን የጅራት ላባ አደራደርና የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ አይቶ የሚለይ ዕውቀት ያስፈልጋል። በዘመኑ ከሆነ ግን፥ ከሦስት መቶ ሚሊዮን በላይ ከታተመው ብር በእውነት በ1780 የታተመው እጅግ ጥቂት ነውና፥ ተስፋችሁን አታብዙ።

የዱሮ ሰዎች ይህን ሁሉ ሳይማሩ እንዴት ይለዩ ነበር? የሚያውቁት በዓይንና በጆሮ ነው። በትከሻዋ ላይ ባለው ሞላላ ጌጥ ዙሪያ ዘጠኝ ዕንቍዎች አሉ፤ እነዚህን በጣት እየነኩ ይቈጥሩ ነበር። ዕንቍው ጐድሎ ወይም ተፍቆ ከተገኘ፥ ፊደላቱም ካልታዩ፥ ብሩ ይመለሳል። ከዚያም በድንጋይ ላይ ይጥሉታል፤ ደኅና ብር ድምፁ ጠርቶ ይቈያል፤ እርሳስና ቆርቆሮ የበዛበት «ጠፍ» ብሎ ይቀራል። ይህ አመለካከት ምን ያህል ብርቱ እንደ ነበር ያየ ያውቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ባሳተሙት፥ በብሩም መጠን ከጠገራው በማያንስ የራሳቸው ገንዘብ እንኳ ብዙው ሰው ጠገራውን ይመርጥ ነበር። ኢጣሊያኖችም በ1918 ጠገራውን የሚመስል ብር አሳትመው ነበር። ክብደቱ ያው ነው፤ በላዩ ያለችው ሴት ግን ሌላ ናት። ሕዝቡ ይህችን ሴት አላውቃትም አለና ብሩ ገበያ ሳያገኝ ቀረ። ከነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ዛሬ ማታ እዚህ ቢገኝ ኖሮ መድረኩን ለርሱ በለቀቅን ነበር።

እኛ ያን ዓይንም ያን ጆሮም ስለሌለን ወደ ላቦራቶሪ ሄድን። አንድ መምህራችን ከክፍል ሰዓት ውጭ እስከ መቶኛ ግራም የሚለካውን ሚዛን ስለ ፈቀዱልን እዚህ ላይ እናመሰግናቸዋለን።

በመጀመሪያ ክብደቱን መዘንን። የጠገራ ሕጋዊ ክብደት 28.07 ግራም ያህል ነው። ከዘጠኙ ስድስቱ ከ27.6 እስከ 28.1 ግራም ሆኑ። በእጅ ብዛት ያለቀ ብር ጥቂት ቢጐድል አያስደንቅም። አንዱ 24.2 ግራም ብቻ ሆነ። አንዱ ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደበት ስለ ሆነ 29.4 ግራም መዘነ። የመጨረሻው በአንገት ለማሠር የተበሳ ሲሆን 27.1 ግራም ሆነ። እኛም ቸኩለን 24.2 የሆነውንና የተበሳውን «ሁለቱ ሐሰተኛ ናቸው» አልን። ይህን ለእናቲቱ በነገርናቸው ጊዜ ምንም ሳይናገሩ የተበሳውን ለብቻው አስቀመጡት። ስሕተታችን የገባን ማታ ነው። የተበሳ ብር የተበሳበትን ያህል መጕደሉ ግድ ነውና፥ በክብደቱ ብቻ የፈረድንበት በከንቱ ነበር።

በማግሥቱ በውሃ መዘንናቸው። ይህ የቀደመው የአርኪሜዴስ ዘዴ ነው፤ በማንኛውም ቤት ሊሠራ ስለሚችል ዘርዘር አድርገን እንናገረዋለን። ብርጭቆ ውሃ ሚዛን ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ብሩ በቀጭን ክር ታሥሮ፥ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ፥ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ቍጥር ብሩ የገፋውን ውሃ ነው። የብሩ ክብደት ለዚህ ቍጥር ሲካፈል የሚገኘው፥ ብሩ ከርሱ ጋር እኩል ቦታ ከሚይዝ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ያሳያል። ለጠገራ ይህ 10.2 ገደማ መሆን አለበት። ነሐስ 8.5 ገደማ ነው፤ መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ነጭ ብረት 8.9 ነው። በዚህ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለ ሆነ እጅ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ እንኳ ፍርዱን አያበላሸውም።

የተበሳው ብር 2.66 ግራም ውሃ ገፋ። 27.1 ለ2.66 ሲካፈል 10.19 ነው። ቀዳዳ ክብደትን ይቀንሳል እንጂ የብሩን ዓይነት አይለውጥምና፥ ትናንት ሐሰተኛ ያልነው ከሁሉ ይልቅ ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ። ቀለበት የተበየደበት 10.07 ሆነ፤ ይህም ከብየዳው የመጣ ነው ብለን ተቀበልነው። 24.2 ግራም የነበረው 8.7 ሆነ፤ በላዩ ብር የተቀባ ነሐስ መሆኑ ነው። ይህን አስቀድመን ጠርጥረነው ስለ ነበር አላስደነገጠንም።

ያስደነገጠን ሌላው ነው። ትናንት ሲመዘን 28.1 ግራም ሆኖ ከሁሉ አስቀድመን «ይህስ ጥርጥር የለበትም» ያልነው ብር 3.25 ግራም ውሃ ገፋ፤ ሲካፈል 8.65 ሆነ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ያው ነው። ሠሪው ክብደቱ እንዲሞላለት ብሩን ወፍራም አድርጎት ኖሯል። ከሌላው ጋር ጐን ለጐን ብናቆመው ውፍረቱ አምስተኛ ያህል ይበልጣል፤ ይህን ያህል ልዩነት በዓይናችን ፊት እያለ አላየነውም ነበር። ዘጠኙን ዕንቍ ቈጠርን፤ ዘጠኙም አሉ። ሻሹም፥ ንስሩም፥ ፊደላቱም አሉ።

ከዚህ በኋላ ጠርዙን አየነው። ጠርዙን አስቀድመን ብናየው ኖሮ ይህ ሁሉ ባላደከመን ነበር። በእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ ዙሪያውን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ» የሚል ቃል፥ ትርጕሙም «ፍትሕና ምሕረት» የሆነ፥ በጌጥ ተከፋፍሎ ጐልቶ ተጽፏል። ፊደላቱ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው እንጂ የተቈፈሩ አይደሉም። ይህ የተደረገው ሰው የብሩን ዳር እየፋቀ ብናኙን እንዳይሰበስብ ነው፤ የፋቀ እንደ ሆነ ጽሕፈቱ ይጠፋበታል። በአፈር ቅርጽ ቀልጦ ለሚሠራ ሐሰተኛ ብር ደግሞ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ቅርጹ ከሁለት ስለሚገጣጠም መጋጠሚያው የሚያርፈው በጠርዙ ላይ ነው፤ መጋጠሚያውን በሞረድ ሲያስተካክሉት ጽሕፈቱ አብሮ ይበላል። የእኛ ወፍራም ብርም ጠርዙ ላይ ከ«ክሌመንቲያ» ግማሹ የለም፤ በፈንታው የሞረድ ጭረት አለ። ምሕረቱ የተፋቀበት ብር ብለን ስም አወጣንለት።

ስለ ጠርዝ ከተነሣ አንድ የውጭ አገር ነገር ጣልቃ እናስገባ። በአሜሪካ የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥዕል ያለበትን ትንሽ ካርድ መሰብሰብ ትልቅ ንግድ ነው። ከሁሉ የታወቀው ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይሰጥ የነበረው የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ከነዚህ አንዱ በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በ2013 ግን ቀድሞ የሸጠው ነጋዴ ካርዱ አዲስ እንዲመስል ጠርዙን እንደ ቈረጠው በፍርድ ቤት አመነ። ወረቀቱም፥ ቀለሙም፥ ዘመኑም እውነተኛ ናቸው፤ ሐሰቱ ያለው በጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ይህን ስናነብ «በምኑ?» የምትለዋ ጥያቄያችን ውቅያኖስ ተሻግራ መሄዷ ደስ አሰኘን።

ሌሎች ዘዴዎችም ይነገራሉ። ማግኔት የሚይዘው ብር በእርግጥ ሐሰተኛ ነው፤ ማግኔት የማይዘው ግን ነሐስም ሊሆን ይችላልና አይበቃም። አሲድ ማንጠብጠብ ብሩን ስለሚያበላሽ አልሞከርነውም። ድምፁንም ሞከርነው፤ ነገር ግን የተበሳውና የተበየደው ብር ደኅና ሆነው ሳለ ድምፃቸው የታፈነ ስለ ሆነ፥ በዚህ ቢፈረድ ኖሮ ሁለት ንጹሓን በተኰነኑ ነበር። አንድ ጥፋታችንንም አንሸሽግም። ከመካከላችን አንዱ ጽሕፈቱ እንዲታይለት ብሎ አንዱን ብር በአመድና በሎሚ አሸው። ብሩ እንደ መስተዋት አበራ። ኋላ እንደ ሰማነው ሰብሳቢዎች እንዲህ የተፈተገ ብር አይወዱም፤ የዘመኑን ጥቁረት እንደያዘ ነው የሚፈልጉት። የፈተገውን ሰው ስም አንጠራም፤ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል።

እንግዲህ ከዘጠኙ ሰባቱ ብር ናቸው፤ ሁለቱ አይደሉም። የእያንዳንዱን ክብደትና በውሃ የተገኘውን ቍጥር በወረቀት ጽፈን ከእናቲቱ ጋር ወደ ሌላ ሱቅ ሄድን። ይኸኛው ባለ ሱቅ ወረቀቱን አንብቦ፥ ሁለቱን በራሱ ሚዛን አረጋግጦ፥ ስለ ለንደንም ስለ ቪየናም ሳይጠይቅ አምስቱን በግራም ሒሳብ ገዛ። የተበሳውንና ቀለበት ያለውን እናቲቱ አልሸጥም አሉ። የአያቲቱ የሠርግ ጌጥ ነበሩና።

ያልጨረስነው ነገር ቢኖር ስለ ወፍራሙ ብር ነው። እናቲቱ እንደ ነገሩን፥ ያ ብር አያቲቱ በአንድ የክረምት ረኃብ ወራት ላም ሸጠው ከተቀበሉት መካከል ነው። ሻጯ አምነው ተቀብለው፥ አምነው አኑረውት ኖሩ። ይነገራቸው ወይስ አይነገራቸው? ከመካከላችን ሁለታችን ይነገራቸው እንላለን፤ ሁለታችን ደግሞ ላሚቱም የለች፥ ገዢውም የለ፥ ማን ሊጠየቅ ነው እንላለን። እናቲቱ ሁለቱን ሐሰተኛ ብሮች ከነጠላቸው ጫፍ ለብቻ ቋጥረው ይዘው ሄዱ፤ ምን እንዳሰቡ አልነገሩንም። የአያቲቱ አንድ ዓይን ባለፈው ሳምንት ታክሟል፤ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ይሆናል።

በቤታችሁ ጠገራ ያላችሁ፥ ሐሙስ ከቀኑ በ10 ሰዓት ወደ ላቦራቶሪው ይዛችሁ ብትመጡ እንመዝንላችኋለን። ክርና ብርጭቆ ከእኛ ነው። አጥባችሁ ግን አታምጡት።